የብላታ ረታ አምስተኛው ጽሑፍ

ብላታ ረታ ሲጽፉ ብዕር አይዙም ነበር። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ የመጣ ልማድ አይደለም። ዓይናቸው ጤና በነበረበት፣ ስማቸውም በተከበረበት ዘመን ቦሌ በነበረው ቪላቸው ሳሎን ውስጥ ይንጎራደዳሉ፤ እሳቸው ይናገራሉ፣ ጸሐፊያቸው ይጽፋል። ያደጉት በአንድ የአውራጃ ገዥ ግቢ ነውና ቃል ከአፍ ወጥቶ፣ በሌላ ሰው እጅ ወረቀት ላይ ሰፍሮ፣ ተመልሶ በጆሮ ካልተደመጠ ጽሑፍ ሆነ አይሉም። አንድ ሐሳብ ባበቃ ቁጥር በከዘራቸው ወለሉን ሁለት ጊዜ ይመታሉ። የዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥርዓት ደግሞ እንዲህ ነበር። ጸሐፊው ረቂቁን በንጹሕ ወረቀት ይገለብጣል። ረቂቁ በፊታቸው ይቃጠላል፤ «ሁለት ቅጂ ያለው ቃል ሁለት ጌታ ያወጣል» ይላሉ። የጭሱ ሽታ ሲደርሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ንጹሑን ያስነብባሉ፤ በጣታቸውም ይቆጥራሉ። ሲያልቅ የዓረፍተ ነገሩን ብዛት ከግርጌው በግዕዝ ቁጥር በገዛ እጃቸው ይጽፉና ከጎኑ ይፈርማሉ። በቁጥር ያላሰሩት ጽሑፍ መንገድ ላይ አንዱ ይጨምርበታል፣ ሌላው ይቀንስበታል፤ በሹመታቸው ዘመን ይህን ደጋግመው አይተዋል።

በሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት ክረምት ጸሐፊያቸው ልጃቸው ተናኜ ነበረች።

ቪላው ከተወረሰ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል። ብላታ በስልሳ ስድስት ሲረቀቅ ከርሞ አንድ ቀን እንኳ ሳይሠራበት የቀረውን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት ሰዎች አንዱ ነበሩ። ለውጡ እሳቸውንም ረቂቁንም አንድ ላይ ጠረጋቸው። ስምንት ዓመት ታስረው ሲፈቱ ግራ ዓይናቸው አያይም ነበር፤ በሁለት ዓመቱ ቀኙም ተከተለው። አሁን አባትና ልጅ የሚኖሩት ከጉርድ ሾላ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ባለ ባለ ሁለት ክፍል የቀበሌ ቤት ነው። ተናኜ ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነው። አላገባችም። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ታወጣለች፣ ፋይል ትመልሳለች። እሑድ እሑድ ለታናሽ ወንድሟ ለዓለምሰገድ ስንቅ ይዛ ወህኒ ቤት ትሄዳለች።

ዓለምሰገድ የታሰረው በሰባ አንድ ነው። አንድ ጓደኛው ክፍል ውስጥ ወረቀት ሲገኝ አብረው ወሰዱት። ሰባት ዓመት ሙሉ ዳኛ አላየም። ቤተሰቡ በሕይወት መኖሩን የሚያውቀው ምሳ ዕቃው ባዶ ሲመለስ ነው። ተናኜ እቤት ስትደርስ ብላታ መጀመሪያ የሚጠይቁት ያንን ነው። «አምጪው እስቲ» ይሉና ከነመጠቅለያው ጨርቅ ይቀበሏታል፤ ክብደቱን በእጃቸው መዝነው፣ ቋጠሮውን ዳብሰው፣ «በልቷል» ይላሉ። ከዚያ ወዲያ እስከሚቀጥለው እሑድ ስሙ አይነሳም።

ሰኔ ላይ የአዲሱ ሕገ መንግሥት ረቂቅ በየቀበሌው ታደለ። በሳምንት ሁለት ቀን ሕዝቡ አዳራሽ እየተጠራ አንቀጽ በአንቀጽ ይነበብለታል፤ አስተያየት ያለው በቃልም በጽሑፍም ይስጥ ተባለ።

«ያልመጣ ስኳር የለውም ብለዋል» አለች ጎረቤታቸው ሐሚዳ፣ የወሎዋ በርበሬ ነጋዴ፣ በአጥር ብቅ ብላ። «እኔማ አንቀጽ ሠላሳ ስምንት ላይ እንቅልፍ ጣለኝ። ስነቃ ስልሳ ሁለት ደርሰዋል። ወላሂ ተናኜ፣ ተኝቼ ስንቱን ሕግ አጸደቅኩት!»

«ብላታ እንዳይሰሙሽ።»

«ይስሙኝ እንጂ! እሳቸው ተረቅቀው ሲጨርሱ እኛ ገና መረቀቃችን ነው በያቸው።»

ብላታ ከውስጥ ሰምተው ኖሮ ሳቁ። ተናኜ አባቷ ሲስቁ ከሰማች ቆይታለች። ያን ቀን ቅዳሜ ነበር። ከሰዓት በኋላ ረቂቁን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አስነበቧት። ከዚያ ተነሥተው ከአልጋቸው እስከ በሩ ያለችውን አምስት እርምጃ ይንጎራደዱባት ጀመር።

«ሉክ አለሽ?»

«አለ አባባ።»

«እንግዲያው ጻፊ። በስልሳ ስድስት እኛም ተሳስተናል፤ ሕዝቡን ሳንጠይቅ ስለ ሕዝቡ ጻፍን።» ከዘራው ሁለት ጊዜ መታ። «እናንተ ጠይቃችኋል፤ የጠየቃችሁት ግን መልሱን ከጻፋችሁ በኋላ ነው።» ሁለት ጊዜ። ከቦሌ የተነሣ አውሮፕላን በቤቱ አናት ላይ ሲያልፍ ቆም አሉ፤ ድምፁ እስኪርቅ ጠበቁና ካቆሙበት ቀጠሉ።

ተናኜ ጻፈች።

የመጀመሪያው ጽሑፍ አሥራ ዘጠኝ ዓረፍተ ነገር ሆነ። ከዚህ ሁሉ ሁለቱ ሰው የሚያስበሉ ናቸው ብላ አሰበች። ሰኞ ከሥራ በፊት ተነሥታ ስትገለብጥ ሁለቱን ተወቻቸው። ረቂቁን አቃጠለች። ስታነብላቸው ሁለቱ በሌሉበት ቦታ ላይ ስትደርስ በቃሏ አለቻቸው። ብላታ አሥራ ዘጠኝ ቆጠሩ። እጃቸውን ይዛ ከግርጌው አኖረችላቸው፤ ፲፱ ብለው ጻፉና ፈረሙ። ወረቀቱን ለቀበሌ ጽሕፈት ቤት አደረሰች፤ ያለፈ መሰላት።

ረቡዕ የቀበሌው ሊቀ መንበር ካሳዬ ራሱ መጣ። ካሳዬ ከአብዮቱ በፊት የእህል መጋዘን ቆጣሪ ነበር። ሊቀ መንበር ከሆነም በኋላ ያየውን ሁሉ መቁጠር አልተወም፤ የአዳራሹን ወንበር፣ የስብሰባተኛውን ራስ፣ የሳሙናውን ካርቶን። ብላታ ተኝተው ስለነበር ተናኜ በሩ ላይ ተቀበለችው።

«አባትሽ አሥራ ዘጠኝ ብለው ፈርመዋል» አለ ወረቀቱን እያሳያት። «እኔ አሥራ ሰባት ነው ያገኘሁት። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩት። ጨው ቢሆን ከሚዛን ጎደለ እላለሁ። ዓረፍተ ነገር ከየት ይጎድላል?»

«ዓይናቸው አያይም፤ ተሳስተው ይሆናል።»

«የማያይ ሰው ቁጥር አይሳሳትም።» ዙሪያውን ገልመጥ አደረገና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ስሚ ተናኜ። የጎደለው ምን እንደሚል አልጠይቅሽም። ስለ ወንድምሽ ግን ደብዳቤ መጥቶልናል። የቤተሰቡ ጠባይ ምን ይመስላል፣ ለአብዮቱ ያለው አመለካከት እንዴት ነው ብለው ጠይቀዋል። ሪፐብሊኩ ሲመሠረት ምሕረት አይቀርም ይባላል። እኔ ደህና አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። እናቴን ከሐኪም ቤት ሐኪም ቤት ያመላለሱልኝ አባትሽ ናቸው፤ አልረሳሁም።»

«እግዜር ይስጥህ።»

«እሳቸው አርፈው ቢቀመጡ ጥሩ ነበር። ጀምረዋል፤ አሁን ቢያቆሙ ደግሞ ለምን አቆሙ ይባላል። ስለዚህ ይጻፉ። ብቻ ቁጥሩ ይግጠም። እኔ ወደ ከፍተኛ ጎዶሎ ነገር አልልክም።»

ካሳዬ ከሄደ በኋላ ተናኜ ደጃፉ ላይ ቆማ ቀረች። ገብታ ለአባቷ መንገር ነበረባት። «ቃልዎ ወይም ልጅዎ» ማለት ነው ነገሩ። ቃሌን አልለውጥም ቢሏት አባቷን በምን ዓይን ታያቸዋለች? እለውጣለሁ ቢሏትስ? ሁለቱንም መልስ ፈራች። ገብታ እሳት ማንደድ ጀመረች።

ከዚያ በኋላ በያንዳንዱ ጽሑፍ ያወጣችውን ያህል ታስገባ ጀመር። በአወጣችው ልክ የምታስገባው ደግሞ ከየት ይምጣ? መዝገብ ቤት ከሚያልፉት ደብዳቤዎችና ከጋዜጣው የተሻለ የምታውቀው አልነበረም። አባቷ «የሥልጣን ልክ ያልተጻፈለት መሪ ወንዝ ዳር እንደተሠራ ቤት ነው፤ የሚያሰጋው ለራሱም ነው» ሲሉ፣ እሷ «ይህ ረቂቅ የሰፊው ሕዝብ የትግል ፍሬ መሆኑ አያጠራጥርም» ብላ ትገለብጣለች። አባቷ «ፈርቶ ዝም ያለን ሕዝብ ተስማማ ብሎ የሚመዘግብ ራሱን ያታልላል» ሲሉ፣ እሷ «ሕዝቡ በነቂስ ወጥቶ መወያየቱ ታሪካዊ ነው» ትላለች። በሁለተኛው ጽሑፍ አራት ለወጠች። በሦስተኛው ሰባት። በአራተኛው ካልተነካው የተነካው በዛ።

ለአባቷ ስታነብ ግን እውነተኛውን ማለት ነበረባት፤ ረቂቁም ቀድሞ ይቃጠላል። ስለዚህ ታጠናው ነበር። እሑድ ወህኒ ቤት ስትሄድና ስትመለስ በአንበሳ አውቶቡስ ተሰቅላ፣ አንብባላቸው ካበቃችም በኋላ ቢሮ ፋይል እየፈለገች፣ ድምፅ ሳታሰማ የአባቷን ቃል ትደግማለች። አንድ ቀን አጠገቧ የቆመች ሴት «ዳዊት ነው የምትደግሚው እናቴ?» ብላ ጠይቃታለች። «አዎ» አለቻት።

ብላታ በነዚያ ሳምንታት ወጣት ሆኑ። ምግብ ይስማማቸው ጀመር። «ካሳዬ ምን አለ?» ይላሉ ወረቀት አድርሳ ስትመጣ።

«ተቀበለኝ።»

«አልተቆጣም?»

«አልተቆጣም።»

«እንዲያማ ከሆነ አገሪቱ ደህና ሆናለች ማለት ነው» ይላሉ፤ ከልባቸው ነበር የሚሉት። ያን ሲሉ ማየት ለተናኜ ከሁሉም ይከብዳት ነበር።

አምስተኛውና የመጨረሻው ጽሑፍ ስለ ዳኞች ነበር። ነሐሴ መግቢያ፣ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበው ብላታ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ተናገሩ። «ሰው ያለ ፍርድ አይታሰርም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። በስንተኛው ቀን ዳኛ ፊት እንደሚቀርብ ካልጻፋችሁ ግን ቃሉ ቁልፍ የሌለው በር ነው። ሰባት ዓመት ዳኛ ያላየ ሰው አውቃለሁ።» እዚህ ላይ ከዘራቸውን አንስተው ሳይመቱ ቆዩ። ከዚያ በቀስታ መቱ፤ ሁለት ጊዜ። ቀጥለው ሌላ ዓረፍተ ነገር አሉ፤ አሥራ ሰባተኛው ነበር። ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ዝናቡ የበረታ ነበርና ተናኜ ጎንበስ ብላ ነው የሰማችው። ጻፈችው። ስትጽፈው ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር።

ሰኞ ጠዋት ስትገለብጥ አሥራ ሰባተኛው ላይ ደርሳ ብዕሯ ቆመ። የጋዜጣ ቃል ሁሉ ሰለቻት። ከአንድ ቀን በፊት፣ እሑድ፣ ወህኒ ቤቱ በር ላይ አምስት ሰዓት በዝናብ ቆማ ነበር። እዚያ ከሴቶቹ የሚበዙት አሮጊቶች ናቸው፤ መቀመጫ የለም። እንዲህ ብላ ጻፈች፦ «ሕግ ማለት የደከመው ሰው አረፍ ብሎ ተራውን የሚጠብቅበት አግዳሚ ወንበር ቢሆን መልካም ነበር።» ማንንም የሚያስቆጣ አልመሰላትም። ረቂቁን አቃጠለች።

ስታነብላቸው አሥራ ስድስተኛውን በቃሏ አለችና ወደ አሥራ ሰባተኛው ስትሻገር ጠፋባት። ሙሉ በሙሉ ጠፋባት። አባቷ እየጠበቁ ናቸው። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ ወደቀና ያለውን አነበበች።

ብላታ የሚቆጥሩበት ጣት ቆመ።

«አግዳሚ ወንበር?»

«አዎ አባባ።»

«እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት?»

«አዎ።»

ፊታቸውን ወደ እሷ አዙረው ቆዩ፤ እንደሚያይ ሰው። «ጥሩ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ይቆይ።» ጣታቸውን አጠፉ። ሲያልቅ ሃያ ሦስት ሆነ። ፳፫ ብለው ጻፉና ፈረሙ።

በሳምንቱ ካሳዬ እየሮጠ መጣ። ጽሑፎቹ ከቀበሌ ወደ ከፍተኛ፣ ከከፍተኛ ወደ ላይ ሄደዋል። የድሮ ሥርዓት ባለሥልጣን የነበረ ሰው ሳይቀር ረቂቁን ደገፈ ተብሎ ተወርቷል። አምስተኛው ጽሑፍ በውይይቱ መዝጊያ ቀን አዳራሽ ውስጥ ይነበባል፤ እንግዶች ይመጣሉ፤ የጋዜጣም ሰው አለ። ለአቶ ረታ መኪና ይላካል።

ተናኜ በሩን ከኋላዋ ሳብ አድርጋ «አይችሉም ካሳዬ፤ ጉንፋን ይዟቸዋል፤ ማታ ሲያስሉ ነው ያደሩት» አለች።

«ጉንፋን የያዘው ማን ነው?» አሉ ብላታ ከውስጥ። «ካሳዬ፣ ግባ ልጄ! ቃሌ ሲነበብ አልቀርም። ካፖርቴን አውጪልኝ ተናኜ።»

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። ብላታን ከፊት አስቀመጧቸው፤ ተናኜ አጠገባቸው፣ ሐሚዳ ከኋላቸው። የምታነበው የወጣት ማኅበር ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ያምራል። ብላታ ከዘራቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ጣታቸውን አዘጋጁ።

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር የራሳቸው ነበር። ጣታቸው ታጠፈ። ሁለተኛውም የራሳቸው ነበር። ሦስተኛው ላይ ልጅቱ «በቆራጥ አመራር» ስትል አንገታቸው ቀና አለ፤ ያልሰሙ መስሏቸው ይመስል ጆሯቸውን አዘነበሉ። አራተኛው ተነበበ። አምስተኛው። ከዚያ በኋላ ጣታቸው አልታጠፈም። ተናኜ ፊታቸውን ማየት ስላልቻለች እጃቸውን አየች፤ የከዘራውን ራስ የያዘው እጅ ጅማቱ ተገታትሯል። ልጅቱ አሥራ ሰባተኛው ላይ ደርሳ ስለ አግዳሚ ወንበሩ ስታነብ ከዘራው ቀስ ብሎ ተነሥቶ ሲሚንቶውን ሁለት ጊዜ መታ። ከዚያ ወዲያ እስከ መጨረሻው ዝም አለ።

አዳራሹ አጨበጨበ። ካሳዬ ላብ በላብ ሆኖ፣ ደስ ብሎት፣ ወደ ብላታ ጎንበስ አለ። «አቶ ረታ፣ እንግዶቻችን ሁለት ቃል ከአንደበትዎ ቢሰሙ ደስ ይላቸዋል።»

ብላታ ተነሡ። ተናኜ ክንዳቸውን ልትይዝ ስትል ሸሸት አደረጉት። ጭብጨባው እስኪያበቃ ጠበቁ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ያ ጽሑፍ የኔ አይደለም የሚል አንድ ቃል ብቻ ነው የሚበቃው፤ ዓለምሰገድ እዚያው ይቀራል፤ ምናልባት እሷም ትሄዳለች።

«ካሳዬ» አሉ ብላታ። «ስንት ዓረፍተ ነገር ሆነ?»

ካሳዬ ይህን አልጠበቀም። ቢሆንም ያውቀዋል። «ሃያ ሦስት፤ ቆጥሬዋለሁ።»

«ሃያ ሦስት ከሆነ ቁጥሩ የኔ ነው። ፊርማውም የኔ ነው።» ትንሽ ቆሙ። «ሌላ የምጨምረው የለኝም።»

ተቀመጡ። ሕዝቡ ዳግመኛ አጨበጨበ። ከኋላ ሐሚዳ «ምነው ብላታ ገረጡ?» አለች።

መኪናው ቤት አድርሷቸው ሲሄድ ብላታ ካፖርታቸውን ሳያወልቁ አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀመጡ። ገና ቀን ነበር። ተናኜ እግራቸው ሥር ቁጭ አለች።

«ለዓለምሰገድ ነው?» አሉ።

«ስለሱ ለቀበሌው ደብዳቤ መጥቶ ነበር አባባ። የቤተሰቡ ጠባይ ተብሎ።»

«መቼ?»

«ሐምሌ መግቢያ።»

«አምስት ሳምንት። ምነው ሳትነግሪኝ?»

«እምቢ ቢሉኝ ብዬ ፈራሁ። እሺ ቢሉኝም ፈራሁ።»

ብላታ በእጃቸው ፈልገው ራሷን ዳበሱ። ቢቆጧት ይሻላት ነበር። «እሺ እልሽ ነበር» አሉ። «ውሸቱን እኔው ራሴ እናገረው ነበር። እየተንጎራደድኩ፣ ከዘራዬን እየመታሁ፣ አሳምሬ። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው፤ መሸከም አያቅተኝም። አሁን ግን አንቺ ተሸክመሽው ቀረሽ።» እጃቸውን ከራሷ አነሡ። «አግዳሚ ወንበሩ ያንቺ መሆኑን ያን ዕለት አውቄያለሁ። አንዱ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ቀን ወዲያ አልጻፉም።

ጽሑፉ ከነስማቸው ጋዜጣ ላይ ወጣ። በማግስቱ እሑድ ነበር። ተናኜ ወህኒ ቤቱ በር ላይ ተራዋን ጠብቃ ምሳ ዕቃውን ሰጠች፤ ሲመልሱላት ከበዳት። ሳይነካ፣ ጨርቁ ሳይፈታ፣ እንዳሰረችው ነበር። እዚያ በር ላይ ምሳ ዕቃ ሙሉውን ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ የማታውቅ ሴት የለችም። አጠገቧ ያሉት ፈቀቅ አሉላት፤ አንዷ ነጠላዋን አገለደመች። ተናኜ መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ዘበኛው ተመልሶ መጣ። «አንቺ፣ ተነሽ፣ አልሞተም» አለ። «ደህና ነው። ከዚያ ቤት የመጣ አልበላም ብሎ ነው።»

ጋዜጣው እስር ቤት እንደሚገባ ያን ጊዜ ትዝ አላት።

ምግቡን መንገድ ላይ ለተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሰጠች። ምሳ ዕቃውን ቧንቧ ላይ አጥባ፣ ጨርቁን መልሳ ቋጥራ፣ ወደ ቤት ወሰደች። ብላታ ተቀበሏት። ክብደቱን መዘኑ። ቋጠሮውን ዳበሱ፤ ደግመው ዳበሱት። ዓለምሰገድ ግራኝ ነው፤ የሱ ቋጠሮ የሚጠብቀው በተቃራኒው ነው። ተናኜ እስከዚያች ቀን ይህን አስባው አታውቅም። ከእስር ከወጡ ጀምሮ እሑድ በእሑድ የዳበሱት ብላታ ግን ያውቁታል። «በልቷል» ሳይሉ ምሳ ዕቃውን አጠገባቸው አኖሩት።

በአራተኛው እሑድ ምሳ ዕቃው ባዶ ተመለሰ። ይቅርታ ይሁን ረኃብ ተናኜ አላወቀችም። ሮጣ መጥታ «አባባ፣ ቋጠሮውን ይዩት!» አለች። ብላታ እጃቸውን ዘርግተው ዳበሱና ራሳቸውን ነቀነቁ። ግን ካሁን በፊት እንደሚያደርጉት ክብደቱን አልመዘኑም።

ብላታ ረታ ያረፉት ጥር ላይ ነው፤ ሕዝቡ ሕገ መንግሥቱን ለማጽደቅ ድምፅ በሰጠ በሦስተኛው ቀን። ለቀብራቸው ካሳዬ ከቀበሌ ድንኳን ላከ፤ ራሱም መጥቶ አለቀሰ። የቀብሩን ሰው አልቆጠረም።

ዓለምሰገድ በዓመቱ መስከረም፣ ሪፐብሊኩ ሲታወጅ፣ ምሕረት ከተደረገላቸው ጋር ወጣ። ካሳዬ ቃሉን ጠብቆ ነበር። ዓለምሰገድ ፀጉሩ ሸሽቶ፣ ጥርሱ ጎድሎ፣ የአባቱን አልጋ አልተኛም ብሎ መሬት ላይ ተኛ። አንድ ሳምንት ሙሉ የአባቱን ስም አልጠራም። መቃብሩ የት ነው ብሎም አልጠየቀም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከሸሚዙ ኪስ ስምንት ቦታ የታጠፈ ጋዜጣ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አደረገ።

«ይሄን ጮክ ብለው አነበቡልኝ እትዬ። እየሳቁ። ‹ያንተ አባት!› ይሉኝ ነበር። እሱ ስምንት ዓመት ታስሮ አልተሰበረም እል ነበር እኮ። አልጋዬ አጠገብ ያለው ሰው እንኳ ራራልኝና ዝም በሏቸው አለኝ። እሱ ነው የገደለኝ፤ መራራቱ።»

ተናኜ ተነሥታ ከበሩ ኋላ የቆመውን ከዘራ አመጣችና ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀመረች።

«በስልሳ ስድስት እኛም ተሳስተናል፤ ሕዝቡን ሳንጠይቅ ስለ ሕዝቡ ጻፍን።» ሁለት ጊዜ መታች። «እናንተ ጠይቃችኋል፤ የጠየቃችሁት ግን መልሱን ከጻፋችሁ በኋላ ነው።»

ዓለምሰገድ ቀና አለ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ስማ።»

አምስቱንም አለችለት። አውሮፕላን ሲያልፍ ቆም አለች፤ ሲርቅ ቀጠለች። የሳቸው ቃል መለወጡን፣ ለምን እንደለወጠችው፣ አባባ አዳራሽ ውስጥ ቆመው ያሉትን፣ እቤት መጥተው እሺ እልሽ ነበር ማለታቸውን፣ በየመሐሉ ነገረችው። አምስተኛው ላይ ስትደርስ ዓለምሰገድ ሳያውቀው በግራ እጁ ጣቶች ይቆጥር ነበር። «ሰባት ዓመት ዳኛ ያላየ ሰው አውቃለሁ» ስትል እጁን ፊቱ ላይ አደረገ፤ እዚያው ተወው። ቀጥላ አሥራ ሰባተኛውን፣ የአግዳሚ ወንበሩን፣ አለች። ሃያ ሦስት ብላ ጨረሰች።

«አግዳሚ ወንበሩ» አለ ዓለምሰገድ፣ እጁን ከፊቱ ሳያነሣ። «እሱ ላይ አባባን ሰማሁት። ልክ እዚህ የተቀመጠ ነው የመሰለኝ።»

ዝም ብትል ያልፍ ነበር።

«እሱ የኔ ነው» አለች ተናኜ። «የሳቸውን ረሳሁት፤ የኔን ሳነብላቸው ይቆይ አሉ። ዝናብ ነበር፤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያሉት። ረቂቁን አቃጥዬው ነበር። ይኸው ዓመት ሆነኝ፤ አውቶቡስ ላይ፣ ቢሮ፣ ስነሣም ስተኛም እፈልገዋለሁ። ስላንተ ነበር። የሚለው ግን አይመጣልኝም።»

ዓለምሰገድ አያት። ከዚያ ተነሥቶ ሉክና ብዕር ፈልጎ አመጣና ፊቷ አኖረው። «ጻፊው» አለ። «ሳይጠፋ ሁሉንም ጻፊው።»

ጻፈች። አምስተኛው ጽሑፍ ላይ ደርሳ አሥራ ስድስተኛውን ዓረፍተ ነገር ስትጨርስ አንድ መስመር ባዶ ተወችና ወደ አሥራ ስምንተኛው ተሻገረች።

«ያንቺን ጻፊበት እንጂ» አለ ዓለምሰገድ። «ይቆይ ብሎሻል አይደል?»

«አንዱ ብቻ መስሏቸው ነው ይቆይ ያሉት።»

ሲያልቅ ከላይ እስከ ታች ቆጠረችና ከግርጌው ፳፪ ብላ ጻፈች። ከቁጥሩ ጎን ያለው የፊርማው ቦታ ባዶውን ቀረ።